ሦስቴ ያልተባለ «ጋደም ይበሉ»

አማቴን እማማ ኤፋትን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው ላስላው ብዬ ነበር። ከንጋት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ዓይናቸውን የሚጋርደው ጉም ነው የሚወስደው፤ እሱን መቁጠር አያስፈልግም። ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠብ የጨው ውሃ፣ ስምንት ጠብታ። የፀጉር ማድረቂያዬን በክንድ ርቀት ይዘው ዓይናቸውን ሲያናፍሱ ሩብ ሰዓት። በየሳምንቱ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ለቀኑ ሩብ ብርጭቆ ልበለው። ከቀትር በኋላ በሚሠሩት ምንጣፍ ላይ ሁለት ረድፍ ቋጠሮ፤ በደህናው ጊዜ ስምንት ይሠሩ ነበር። ከሁለቱም አንዱን በማግስቱ እኔ እፈታዋለሁ፣ ቀዩን ክር ከቡናማው አምታተው ይገኛሉና።

ቤተሰቡን ግራ ያጋባው ጉሙ አልነበረም። ጠዋት በሩን አጥተው ግድግዳ የሚዳብሱት ሴትዮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ባለቤቴ ባህማን ይቀልድባቸው ነበር።

«እማዬ፣ ዓይንሽ ሥራ መርጦ ነው እንዴ የሚያየው?»

«ጠዋት የማያየው ሚስትህ የምታቀርበውን ቁርስ ላለማየት ነው።»

እየሳቅንም ቢሆን እኔ በልቤ አስመስለው ይሆን እንዴ ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በኋላ ግን ጉሙ ከቀትርም አልፎ እስከ ማታ ይቆይ ጀመር። ለሕክምና ከምንኖርበት ካሻን ወደ ቴህራን ወሰድናቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትናገር ሰው የምታስቸግር የሚመስላት ዓይነት ጨዋ።

«እናቴ፣ የዓይንዎ ብሌን ከውስጥ በኩል አንድ ስስ ሽፋን አለው። ሥራው ውሃውን እየቀዳ ማውጣት ነው። የእርስዎ ደክሟል። ሲተኙ ዓይንዎ ተከድኖ ስለሚያድር ውሃው ይጠራቀማል፤ ቀን ዓይንዎ ሲገለጥ ይተናል። የደከመውን አንስተን ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ ጤነኛ ሽፋን እናስገባለን።»

«የማን ነው? የኢስፋሃን ሰው ከሆነ ብርሃኑንም ቆጥቦ ነው የሚሰጠኝ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። የለጋሹ ማንነት አይነገርም አለች።

«እሺ፣ በምን ትሰፊዋለሽ ታዲያ?»

«አይሰፋም። ዳቦ ጋጋሪ ሊጡን በትራስ ተጭኖ በምድጃው፣ በታኑሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ የለ? የኛ ትራስ ዓይንዎ ውስጥ የምናስገባው አየር ነው። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እርስዎ ተንጋለው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ፣ ሽፋኑን እየተጫነ ያጣብቀዋል።»

በቀኝ ዓይናቸው ተጀመረ። በማግስቱ ስንሰናበት ሐኪሟ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባይከብድዎ ሦስት ቀን በጀርባዎ ጋደም ቢሉልን ደስ ይለናል» አለች።

«ኧረ ምን ከበደኝ የኔ ልጅ!» አሉ አማቴ።

ካሻን ገብተን ከምንጣፍ መሥሪያው ሥር ፍራሽ አነጠፍኩላቸው። የውጭው በር ላይም ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ሕመምተኛ ስላለ እባካችሁ ለመምጣት እንዳትቸገሩ።» ያን ቀን አማቴ ተጋድመው ዋሉ። ዓይናቸው ውስጥ መስመር ይታየኛል አሉ፤ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ውሃ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲዞሩ አብሮ የሚዞር። «አየሩ ነው» አልኳቸው ከወረቀቱ ያነበብኩትን። ሁለት የክር ጥቅል መስኮቱ ላይ ባሳያቸው ቀዩን ከሰማያዊው ለዩ።

በማግስቱ የባህማን አጎት ኑስራት ከነሚስታቸው ጣፋጭ ይዘው መጡ። ወረቀቱን አንብበውታል። «ሲያምር! ማን ነው የጻፈው?» አሉ፤ ገቡ።

«አትነሺ ኤፋት! በነቢዩ ይዤሻለሁ እንዳትነሺ!»

«ምን ቆርጦኝ! እርስዎ ቆመው እኔ ልጋደም?»

ተነሱ። እኔ ልጄን እያጠባሁ ነበር። «እማማ፣ ይጋደሙ እንጂ» ብል፣ «ዝም በይ፣ ሰው ምን ይለናል!» ብለው አፈጠጡብኝ። እኔም በይሉኝታ ያደግሁ የካሻን ልጅ ነኝና ዝም አልኩ፤ ይባስ ብዬ ሳህን አቀረብኩ። ሻይ ቀዱ፣ አጎንብሰው ኪያር ላጡ። ሲሸኟቸው ደግሞ እበሩ ላይ ግማሽ ሰዓት «ምን አቸኮላችሁ» እና «አስቸገርናችሁ» ሲባባሉ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር አሁንም ይምታታብኛል። በማግስቱ መስመሩ የለም፤ ሁሉም ነገር ወተት ሆነባቸው።

«ይሄ ጉም አሮጌው ነው አዲሱ?» አለ ባህማን።

«እኔ በምን አውቄ? ጉም ስም የለው!»

የሐኪም ቤቱን ወረቀት አራት ጊዜ አነበብኩት። አንዱ መስመር «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዥታ ይኖራል፣ አትስጉ» ይላል። ከሥሩ ያለው «እይታ ከቀነሰ ፈጥናችሁ ኑ» ይላል። የኛ የትኛው ነው? ብዥታ አለ፤ ቀንሷልም። እንደገና ጥቅሎቹን መስኮቱ ላይ አሳየኋቸው።

«ሁለቱም ነጭ ናቸው» አሉ። ቆይተው ቀስ ብለው፣ «ክር ይዘሻል ግን?»

በዚያው ሰዓት መኪና ውስጥ ከኋላ አንጋለን ወደ ቴህራን ይዘናቸው ወጣን።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ አየች። የሽፋኑ ግማሽ ተላቆ ተንጠልጥሏል።

«እናቴ፣ ጋደም ይበሉ ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ብለሻል። አንዴ። እሱንም ይቅርታ ጠይቀሽ። የጨዋ ልጅ ናት፣ ለወጉ ነው ያለችው ብዬ ነዋ! በኛ ወግ ሦስቴ ያልተባለ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የምር የሆነው?»

ሐኪሟ ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። ወንበሯን አስጠግታ እጃቸውን ያዘች። «ይጋደሙ። ይጋደሙ። ይጋደሙ። ለምግብና ለሽንት ቤት ካልሆነ አይነሱ። አሁን አየር እንጨምርበታለን። ካልያዘ ግን ሌላ ለጋሽ መጠበቅ ነው፤ መቼ እንደሚገኝ አላውቅም።»

ስንመለስ አማቴ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ተንጋለው ነበር። የቆም ከተማ መግቢያ ላይ ስንደርስ የመኪናውን ጣሪያ እያዩ፣ «ሰው ሞቶ የሰጠኝን በኑስራት ሻይ ልጣለው?» አሉ።

ዛሬ ሰኞ ነው። መስመሩ ተመልሷል፣ ይንቀጠቀጣል። መያዝ አለመያዙን ሐኪሟ አርብ ታያለች። እኔ የሚይዝ ይመስለኛል፤ ቀዩን ክር ዛሬ አንዴ አውቀውታል፣ አንዴ ደግሞ ተሳስተዋል፤ ተስፋዬን በየትኛው እንደማስር አላውቅምና ባወቁት አስሬዋለሁ። የበሩን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ልጽፍ ስል፣ «የኔን ቃል እንዳለ ጻፊው፤ ለበሩ ብቻ ሳይሆን ለሚያነብ ሁሉ ይሁን» አሉኝ። ይኸው፦

«እኔ ኤፋት ነኝ። እስከ አርብ አትምጡብኝ። አትምጡብኝ። አትምጡብኝ። ምራቴ በሩን ከፍታ ‹ግቡ፣ ቤታችሁ ነው› ብትላችሁም አትመኗት፤ አስተዳደጓ ነው። ከደጅ ተመለሱልኝ።»