በራቸውን ይዘው የወጡት ተከራይ

ባለፈው ሰሞን ዳንግላ ያለችው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ፣ እሷም እየቸኮለች፣ የምትገዛው ቤት ማግኘቷን ነገረችኝ። ባለ ሁለት በር ነው፤ አንድ ጣሪያ ሆኖ መሀሉ በግድግዳ የተከፈለ። ሁለቱም ክፍል ሰው አለበት፤ ጥገናም ይፈልጋል። «ሁሉም ሰው ባዶ አስደርገሽ ግዢ ይለኛል፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ መጣ። እንኳንም ተቋረጠ፤ እኔ ስለዚህ ነገር ከጀመርኩ ካርዷ አይበቃም ነበር።

እኔም በወጣትነቴ፣ ገና ትዳር ሳልይዝ፣ ሰው ያለበት ቤት ገዝቻለሁ። እንጅባራ ነው፤ ያኔ አብዛኛው ሰው ኮሶበር ይላት ነበር። ሥራዬ የድንች ንግድ ነበር። ከደጋው ድንች አስጭኜ ወደ ጫግኒ እወርዳለሁ፤ ከጫግኒ በርበሬና ማንጎ ይዤ እመለሳለሁ። ስወርድ የደረብኩትን እያወለቅኩ፣ ስወጣ መልሼ እየደረብኩ፣ ያ መንገድ ወጣትነቴን በላው ብል አላጋነንኩም። እስከ ዛሬ የበሰለ ማንጎ ሲሸተኝ ጆሮዬ ላይ የጭነት መኪና ያቃስታል።

ቤቱ ከገበያው ወረድ ብሎ ነበር፤ እሱም ባለ ሁለት በር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በቀርከሃ የተማገረ ጭቃ። የቀኙ ክፍል ደህና ነው። የግራው ግን የማዕዘኑ ቋሚ ከሥሩ በስብሶ፣ ቤቱ ወደዚያ ዘመም ብሏል፤ ሰው በሹክሹክታ ጠርቶት ጆሮውን ያዘነበለ ይመስላል። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ሰው በዚያ ግድግዳ ሥር አይተኛም። ታላቅ ወንድሜ መኳንንት ዙሪያውን አይቶ ሲያበቃ፣ «ይታይሽ፣ ቤት ነው የምትገዢ ወይስ ሰው? መጀመሪያ ሻጩ ባዶ ያድርገው» አለኝ። ሻጩ ግን ተከራዮቹን ፊት ለፊት የመናገር ድፍረት አልነበረውም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ወሬውን ከገበያ ነው የሰሙት።

በማግስቱ ሰላም ልላቸው ሄድኩ። በቀኙ ክፍል ደሳለኝ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ይኖራል። ከፊቱ ሆዱን የተቀደደ ሬዲዮ አጋድሞ፣ «ለኔ አከራይ ቢለወጥ ያው ነው እህቴ፤ ጣቢያ ቢቀየር ዜናው መቼ ይለወጣል?» አለኝ። በግራው ክፍል እትዬ ዘውዴ አሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን እዚያችው ክፍል ውስጥ አሳድገው የዳሩ፣ ጌሾና ብቅል የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ የጌሾው ሽታ ተቀበለኝ። እሳቸው ግን ቶሎ አልተቀበሉኝም። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና፣

«አንቺ ነሽ የገዛሽን?» አሉ።

«እርስዎን አይደለም እኮ እትዬ፤ ቤቱን ነው።»

«እኔን ከቤቱ ምን ለየኝ? እንዲያውም ምሰሶው በስብሷል፤ እኔ ቆሜአለሁ። ለመሆኑ በስንት ሄድኩ?»

ደሳለኝ ከግድግዳው ማዶ ሲስቅ ይሰማኛል።

ፋሲካ አልፎ ደመናው መጠጋት ጀምሯል። ክረምቱ ሳይገባ የግራው ክፍል ፈርሶ ካልተሠራ እንደማይተርፍ አናጢው ምኒችል ነግሮኛል። ያ ማለት እትዬ ዘውዴ ለጊዜው መውጣት አለባቸው ማለት ነው። ይህንን ስነግራቸው ብቅላቸውን ማበጠራቸውን አላቆሙም።

«ብዙ አከራይ አይቻለሁ ልጄ። ‹ላድሰው ነው፣ ለጊዜው ውጡልኝ› ይላል። ይታደሳል፣ ይመረጋል፣ በኖራ ይቀባል። ከዚያ ኪራዩን ከፍ አድርጎ ሌላ ሰው ያስገባል። አሮጌዋ ተከራይ ከአሮጌው ጭቃ ጋር አብራ ትጣላለች።»

«እኔ እንደዚያ አላደርግም። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«እግዜርን ተይው፤ እሱ ተከራይቶ አያውቅም።»

«እሺ ሽማግሌ ላምጣ?»

«ሽማግሌ ከተጣሉ በኋላ ነው። እኔና አንቺ መች ተጣላን?»

እትዬ ዘውዴ ሲቆጡ በአገውኛ ነበር፤ ሲደራደሩ በአማርኛ። ያን ቀን ሁሉም ነገር በአማርኛ በመሆኑ ተስፋ አደረግኩ። ግን መድረሻ አጣሁ። ባስወጣቸው የፈሩትን ሰው ሆንኩ ማለት ነው። ብተዋቸው ደግሞ አንድ ቀን ግድግዳው በላያቸው ይወርዳል። ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጫግኒ ሄጄ ስተኛ እንቅልፍ የሚነሳኝ የገንዘቡ ነገር ሳይሆን የሴትዮዋ አልጋ የቆመበት ቦታ ነበር። ልክ በዚያ ማዕዘን ሥር!

ከጫግኒ ስመለስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ምርጊቱ ተንዶ ነበር። ደሳለኝ ደግሞ የሬዲዮ መፍቻውን ይዞ የበራቸውን ማጠፊያ እየፈታ ነው።

«እወጣለሁ» አሉኝ። «መዝጊያውን ግን ይዤ ነው የምወጣው።»

«በሩን?»

«በሩን። በር የሌለው ቤት አይከራይም። ስትጨርሺ ላኪብኝ፤ በሬን ይዤ እመጣለሁ።»

ለካ እንዲህም አለ! አልለመኑኝ፣ አላለቀሱ፣ አልከሰሱኝ። የቀን ሠራተኛ እንደሚከፍል ሰው ደሳለኝን አዘው በራቸውን ነቀሉ። ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ እህት አለቻቸው፤ የፈረስ ጋሪ ጠሩ። መዝጊያውን ጋሪው ላይ አጋደሙት፤ ብቅሉንና ጌሾውን ከላዩ ጫኑ፤ እሳቸው ከሁሉም በላይ ወጥተው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። የገበያ ቀን ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱ ድንች ሻጭ፣ «እትዬ ዘውዴ፣ ቤቱስ የት ቀረ?» ብሎ ጮኸ። «ይከተለኛል!» አሉት፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ምኒችል ሥራውን ጀመረ። የበሰበሰውን ነቅሎ አዲስ ቋሚ ተከለ፤ ቤቱን አቃና፤ አዲስ መቃን ገጠመ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ስናቦካ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፤ ያ ቅዝቃዜ ከእግር ጣት ተነስቶ ጥርስ ድረስ ይደርሳል። ምሳችን ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ ነበር። ልጣጩን በጭቃ እጃችን እየላጥን፣ አፋችን እየተቃጠለ፣ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ ብዙ አላስታውስም።

ቤቱ ተመርጎ ሲያምር፣ ለሥራ የተመደበ አንድ እንግዳ መጣና የግራውን ክፍል አከራይኝ አለ። ከእትዬ ዘውዴ የተሻለ ይከፍላል፤ ቀድሞም ይከፍላል። ልቤ አልተንቀሳቀሰም ብል ውሸት ነው። መኳንንት ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ምን ታስቢያለሽ? በር እንደሆነ ምኒችል በግማሽ ቀን ይሠራልሻል። ሴትዮዋ የወሰዱት ሳንቃ ነው።»

እውነቱን ነው። በርን አናጢ ይሠራዋል። ታዲያ እትዬ ዘውዴ ይህንን አጥተውት ነው? ቆሜ ያንን ባዶ ክፍተት ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ከሄዱ ጀምሮ በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ «በሩስ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም «እትዬ ዘውዴ ወስደውት ነው፤ ሲመለሱ ይገጠማል» እያልኩ ስመልስ ከርሜአለሁ። ስንት ጊዜ በገዛ አፌ ቃል ገብቻለሁ! አገሩን ሁሉ ያለ ድግስ እማኝ አድርገውት ነው የሄዱት። ብልሃታቸው ገርሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እንግዳውን፣ «ቤቱ ሰው አለበት» ብዬ ሸኘሁት። ባዶ ክፍሉን እያየ ሄደ።

በዚያው በባለጋሪው ላኩባቸው። ሰኔ ገብቶ ካፊያ ነበር። እትዬ ዘውዴ በራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ መጡ። ደሳለኝና ምኒችል መዝጊያውን አውርደው ወደ መቃኑ አስጠጉት። አልገባም። ገለበጡት፤ አልገባም። ለካ ቤቱ በዘመመ ቁጥር፣ በሩም እየተከተለው፣ አንዱ ጎኑ ሲላግ ሌላው ሲቀጠልበት ኖሮ፣ ራሱ ጠማማ ሆኗል። አሁን መቃኑ ቀጥ ብሏል።

የእትዬ ዘውዴ ፊት ተለወጠ።

«አጠበባችሁት» አሉ በቀስታ።

«አቃናሁት እንጂ መች አጠበብኩት እትዬ!» አለ ምኒችል። «ይሄ በር ለዚህ ቤት አይሆንም።»

«ለዚህ ቤት ነው የተሠራ።»

ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ሰዉ መሰብሰብ ጀምሯል። «ምኒችል፣ መቃኑን ንቀለውና በበሩ ልክ አድርገው» አልኩ።

«ስንት ቀን የለፋሁበትን? ያቃናሁትን መልሼ ላጣምመው?»

«አጣምመው!»

መዶሻውን አነሳ። ያኔ እትዬ ዘውዴ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ ምኒችልን በክርናቸው ገፋ አድርገው አልፈው፣ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀው ክፍል መሀል ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ።

«ተይ እንጂ አንቺ ልጅ! ይሄን የመሰለ መቃን ይነቀላል? እኔ በሩን የያዝኩት ልገባበት ነው። ይኸው ገባሁ። አሁን ከፈለጋችሁ ፍለጡት።»

አዲሱ በር እስኪሠራ ድረስ ጆንያ ጋርደው አደሩበት። አሮጌውን ምኒችል ፈታትቶ የብቅል መደርደሪያ ሠራላቸው።

አሁን እሳቸው የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ ወዲህ ሌላም ቤት ገዝቻለሁ፣ ብዙ ሰውም አከራይቻለሁ። ያን ቀን «አጣምመው» በማለቴ ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ኖረዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደግ ልጅ አለኝ። እኔ ግን ዕድሜዬ ሲገፋ ነገሩን በሌላ ዓይን ነው የማየው። እኔ የሰጠሁት አንድ መቃን ነው፤ ቤቱ በእጄ፣ ውሉ በስሜ ነበር። እትዬ ዘውዴ በዚህ ዓለም ላይ እኔን የሚይዙበት ያ አንድ መዝጊያ ብቻ ነበራቸው። እሱን ነው ሰው ሁሉ እያየ «ፍለጡት» ያሉኝ።