ሲፉን ለምርቃት የጠራሁ ዕለት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረችና እግሯን አንፈራጣ፣ ጡጫዋን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ትምህርት ቤት ኩንግ ፉ ጀምረዋል አሉ። ዜናዬን ጋርዳኝ ነበርና ዞር በይ ልላት ሲገባኝ፣ «ጉልበትሽን ወደ ውጭ፣ ወገብሽን ዝቅ» አልኳት። «ኦፓ፣ ቮኸር ቫይስት ዱ ዳስ?» አለችኝ። አያቴ፣ ከየት አወቅኸው ማለቷ ነው። በአማርኛ ብትጠይቀኝም መልሱ ለሕፃን የሚሆን አይደለም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ጀርመን አገር ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጠዋት ፈረቃ ገብቼ ስጠርግ እውልና በኤስባን ባቡር ኢነንሽታት፣ መሃል ከተማ፣ እወርዳለሁ። ጻይል ከሚባለው የገበያ መንገድ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ደረጃው ላብና ቅባት የሚሸት የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ነበር። መምህሩ ቀይ ጢም ያለው ጀርመን ነው። «ሲፉ» እንለዋለን፤ መምህርም አባትም ማለት ነው ብሎናል።

ከልምምድ በኋላ ሻይ ይዞ ይቀመጥና የትምህርት ቤቶቹን ታሪክ ይነግረናል። ድሮ ቻይና ውስጥ ጥበቡ ከቤተ ዘመድ አይወጣም ነበር። ኋላ የነጋዴ ጭነት የሚያጅቡ ሰዎች በየከተማው የማስተማሪያ ቤት ከፈቱ፤ ከዚያ ማኅበራት ተቋቋሙና ለከፈለ ሁሉ ማስተማር መጣ። አገሩ ሲታመስ መምህራኑ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻግረው ጣራ ላይ አስተማሩ። አውሮፓ የደረሰውም በእነርሱ ተማሪዎች ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ሥርዓት አልተለወጠም፤ ተማሪ ተንበርክኮ ሻይ ያቀርባል፣ መምህሩ ከጠጣለት አባት ሆነው ማለት ነው። «አባቱ ሳይፈቅድለት ቤት የሚከፍት ሌባ ነው» ይለን ነበር። አልሰማሁም አልልም።

እኔም ተንበርክኬ ሻዩን አቅርቤለታለሁ፤ ጠጥቶልኛልም። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ይህ ሰውዬ «ልጄ» ሲለኝ ሻዩን እኔ ልቅዳ ብዬ እሽቀዳደም ነበር።

የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር ነው፤ የመኖሪያ ፎቆቹ ሥር አንድ አዳራሽ ነበር። ቁልፉን የያዙት አባባ ኢድሪስ የሚባሉ የአስመራ ሰው ናቸው። አንድ ቀን «ልጆቻችን ትምህርት ቤት እየተደበደቡ ነው፤ የምታውቀውን ለምን አታሳያቸውም?» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ጀመርኩ። በጋው ሳያልቅ አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱ ልጆች ቀና አሉ። እኔም መጥረጊያውን ጥዬ መምህር ልሆን ነው ብዬ ማለም ያዝኩ። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሲፉን ለምርቃት ልጥራ አልኩ። በእኛ ዘንድ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ነው ሽማግሌ የሚጠራው። ሥራህን አይቶ ይባርክልሃል፤ ፈቃድ ማለት ይኸው ነው ብዬ። «እመጣለሁ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

መጣ፤ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ። እናቶች በተርታ ተቀምጠዋል፣ ሕምባሻና ሳምቡሳ ተደርድሯል፣ ለእርሱም የክብር ወንበር አዘጋጅቻለሁ። አልተቀመጠም። ልጆቹን «መምህራችሁ ማነው?» አላቸው። ባንድ ድምፅ ስሜን ጠሩ። ኮራሁ፤ አይ ሞኝነት።

ጃኬቱን አወለቀና «በል ምታኝ» አለኝ። ማሳያ መሰለኝ። መምህርህን ደግሞ ከልብህ አትመታም፤ እጄን ሰንዝሬ ፊቱ አጠገብ አቆምኩት። እርሱ አላቆመም። አፍንጫዬ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ትርኢት መስሏቸዋል እኮ። «ተነሥ» አለኝ። ተነሣሁ። ጎኔን አለኝ። አሁንም አጨበጨቡ። «ተነሥ።» ፊት የቆመው ዮናስ፣ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ልጅ፣ ሳቀ። ጭብጨባው የቆመው ደሜ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።

አባባ ኢድሪስ ምርኩዛቸውን ይዘው መሃላችን ገቡ። «ልጅህ አይደለም ወይ?» አሉት በተሰባበረ ጀርመንኛቸው። እርሱ ጃኬቱን እየለበሰ ወደ እናቶቹ ዞረና በትሕትና፣ «እውነተኛውን ትምህርት ከፈለጋችሁ ልጆቹን ከተማ አምጡልኝ» አለ። ሲወጣ ሳምቡሳ አንሥቶ እየበላ ነው የወጣው።

አባባ ኢድሪስ አፍንጫዬን በመሐረባቸው ይዘው «ልጄ፣ ማን ጥራው አለህ?» አሉኝ።

«እንዲመርቀኝ ነው፣ አባባ።»



በሳምንቱ ፊቴ ላይ ፋሻ ለጥፌ አዳራሹን ከፈትኩ። አንድም ልጅ አልመጣ። የዮናስን እናት ሱፐርማርኬት ደጃፍ አገኘኋትና ምነው አልኳት። «አትቀየመኝ ወንድሜ» አለች፣ «ልጄ ከመቺው ይማር ወይስ ከተመታው?» ሁሉም ሲፉ ዘንድ ገቡ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። እኔም ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ።

አምና አንድ ሰርግ ላይ ሪዛም ጎልማሳ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «አወቁኝ? ዮናስ ነኝ» አለኝ። አሁን የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ እርሱም ሻይ ይቀርብለታል። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ልጅ ሳለ ጡጫ ሲጨብጥ አውራ ጣቱን ውስጥ ይቀብር ነበር፤ እንዳይሰበርበት ብዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ያንን ያነሣልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ልጆቹን ጠራና፣ «ያ የነገርኳችሁ፣ ሲፉ የደበደቧቸው ሰውዬ እኚህ ናቸው» አላቸው።

በክብር ነው ያለው፤ ለእኔም ለሲፉም አንቱታውን አላጎደለም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ እቀየመውና ይወጣልኝ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ጨበጡኝ፣ አፍንጫዬንም አዩ። እዚህ አገር ልጅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። ስሞት ግን ለለቅሶ የሚመጡት የዞሰንሃይም ሰዎች ማን ነበር ተብለው ቢጠየቁ፣ ያ የተደበደበው ሰውዬ ነው የሚሉት።