የልብስ ሰፊው አሥራ ሁለት ክር

አሥራ ሁለት ከአሥር እንደሚበልጥ ልብስ ሰፊው ያወቀው ገና ሱሪ ሳይታጠቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ተሳስቶም አያውቅም። አሥራ ሁለት ቁልፍ የተተከለበት ካፖርት አሥር ካለው ሁለት ይተርፈዋል እንጂ አንድ አይጎድለውም። እንግዲህ የሙዚቃ መሣሪያ ቤቷ ባለቤት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ "ይህ ጊታር አሥራ ሁለት ክር አለው፤ የእርስዎ ባለ አሥር ክር ጊታር ዘጠነኛ ክር ግን እዚህ የለም" ስትለው ምን ይበል?

"የለም ማለት... ተበጥሷል?"

"አልተበጠሰም። መጀመሪያውኑ አልተሠራለትም።"

"ዘጠነኛው ይኸው! ቆጠርኩት እኮ!"

"እሱ በቁጥር ነው ዘጠነኛ። ድምፁ ግን የእርስዎ ጊታር አሥረኛ ክር ድምፅ ነው።"

ልብስ ሰፊው እንደገና ቆጠረ። ከላይ ወደ ታች ቆጠረ፤ ከታች ወደ ላይም ቆጠረ። ሴትዮዋ የምታሾፍበት መስሎት ቀና ብሎ አያት። አላሾፈችም፤ እንዲያውም አዝናለታለች።

ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባለውን ዕቃ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ጠረጴዛ በአራት እግሩ የሚቆም፣ ክሮቹ ወደ ጣሪያ የሚያዩ ጊታር ነው። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ይቀመጥና በግራ እጁ የያዘውን ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ በቀኝ እጁ ይመታል፤ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፤ በጉልበቱ ደግሞ ከሥር የተንጠለጠሉትን ዘንጎች ወዲህና ወዲያ ይገፋል። ፔዳሉና ዘንጉ ክሩን ሲወጥሩትና ሲያላሉት ድምፁ ልክ እንደ ሰው ያለቅሳል። የልብስ ሰፊው እግር ከስፌት መኪና ጋር ተስማምቶ የኖረ ስለሆነ ፔዳሉን ቶሎ ነው የለመደው። ጉልበቱ ግን ገና ከመጀመሪያው እንቢ ብሎ ነበር።

ለዚህ እንቢተኛ ጉልበት መድኃኒት የሆኑት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። "ጋሼ" ይላቸዋል፤ ሰፈሩም በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አናጢ ነበሩ፤ ማታ ማታ ደግሞ በሠርግ አዳራሾች ይህንኑ ጊታር ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን መጋዝ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወሰደባቸው። ብረቱን የሚይዙት እነዚያ ጣቶች ነበሩ። ጋሼ አላለቀሱም፤ ጊታሩን አንስተው ታናሽ ወንድማቸው ክፍል ውስጥ አቆሙት። "ተቀመጥ፣ አንተ እጅህን ብቻ አስብ፤ ጉልበቱን ለእኔ ተወው" አሉት። በርጩማ ስበው ከቀኙ ተቀመጡ፤ ዘፈኑ ዘንግ በፈለገ ቁጥርም ሦስት ጣት በቀረው እጃቸው የወንድማቸውን ጉልበት ገፋ ያደርጉት ጀመር።

ልብስ ሰፊው ከጊዜ በኋላ ብቻውን መግፋት ለመደ፤ መድረክ ላይ ማን ይገፋለታል? ቤት ውስጥ ግን ልማዱ አልቀረም። ማታ ሊለማመድ ሲቀመጥ ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ይገፋሉ። ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን ስታያቸው በሳቅ ፍርስ ትል ነበር። ኋላ ለመደችው፤ ወንድማማቾቹም እንዲህ እያደረጉ መሆናቸውን ረሱት። መድረክ ላይ ጉልበቱ የራሱ ነው፤ ቤት ውስጥ ጉልበቱ የጋሼ ነው።

አሁን ነገሩን ያመጣው ልብስ ሰፊው የሚጫወትበት ባንድ መሪ ነው። ሰውዬው ዝቅ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ የሚፈልጉ ዘፈኖች ማስገባት አማረው። "ያንተ ጊታር ላይ ላዩን ነው የሚያወራው፤ ሆድ የለውም" አለ። "ባለ አሥራ ሁለት ክር ዩኒቨርሳል የሚባል አለ፤ ሁለት ጊታር በአንድ ማለት ነው። አሻሽለው።" ልብስ ሰፊው ደስ አለው። በዚያው ምሽት እራት ላይ እየጎረሰ፣ "ጊታሩን ልለውጠው ነው፤ ነገ ሄጄ አያለሁ" አለ።

ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ጋሼ ታናሽ ወንድማቸውን አላናገሩትም። በርጩማውም ከክፍላቸው አልወጣም።

አለማናገር ሲባል ደግሞ የጋሼ ኩርፊያ ዝም ጭጭ ያለ እንዳይመስላችሁ። ያወራሉ፤ በሚስቱ በኩል ነው እንጂ። አጠገቡ ተቀምጠው፣ "ለባልሽ ንገሪው፣ ክርኑ ሳህኔ ውስጥ ነው" ይላሉ። "ለባልሽ ንገሪው፣ በሩን ሲዘጋ ቀስ ይበል።" ሚስቱ ቢጨንቃት፣ "እኔ ምንድን ነኝ፣ የስልክ ማዞሪያ?" አለች። ጋሼም፣ "ለራስሽም ንገሪው፣ ማዞሪያ አትቆጣም" አሏት።

ልብስ ሰፊው ግራ ገባው። አስቦ አስቦ የደረሰበት ይህ ነው፦ ጋሼ የተቀየሙት በአሮጌው ጊታር ነው። ባለሱቋ አዲሱን የምትሰጠው አሮጌውን በለውጥ ተቀብላ፣ ጭማሪ ታክሎበት ነው፤ ያለዚያ ዋጋው ለልብስ ሰፊ ኪስ የሚቀመስ አይደለም። በጣታቸው የተጫወቱበትን፣ ጣታቸውን ሲያጡ የሰጡትን ዕቃ ሰው እጅ ሊጥለው ነው።

ቢሆንም እግሩ ወደ ሱቁ መሄዱን አልተወም። ባለ አሥራ ሁለቱ ፊት ተቀምጦ ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩትን ዝግተኛ ዘፈን ይጀምራል፤ እጁ ወደ ዘጠነኛው ክር ይሄዳል፤ የሚወጣው ድምፅ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። አንድ ቀን "ችግር የለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" ብሎ ሰፊ ሱሪ እንደሚያጠብ ሰው የክሩን ቁልፍ እያዞረ ይወጥረው ጀመር።

"ኧረ ይተዉት! ይበጠሳል!" ባለሱቋ ከመደርደሪያው ኋላ ዘላ ወጣች። "ያንን ድምፅ በቁልፍ አይደለም የሚያገኙት፤ በጉልበትዎ ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበትዎን ይገፋሉ፣ ከዚያ ይመታሉ።"

"የኔ ላይ መትቼ ነው የምገፋው።"

"እዚህ ገፍተው ነው የሚመቱት።"

ገፍቶ ለመምታት ሞከረ። እጁ ቀደመ። አሁንም ሞከረ፤ እግሩ ከማያገባው ገብቶ ሌላ ፔዳል ረገጠና ጊታሩ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ። አምስት የጉልበት ዘንግ፣ ሰባት ፔዳል፣ የሌለ ዘጠነኛ ክር። ወደ ሥራ ቤቱ ሲመለስ ጭንቅላቱ ዞሮ ነበር። በዚያው ሳምንት የአንድ ባንክ ሠራተኛ የሱሪ ኪስ አፉን ሰፍቶ ዘጋው። ሰውዬው መስታወት ፊት ቆሞ እጁን ወደ ኪሱ ቢል ቢል አልገባ አለው። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አስወልቆ እየተረተረ፣ መጀመሪያ ይገፋል፣ ከዚያ ይመታል፣ መጀመሪያ ይገፋል፣ እያለ ያነበንባል።

በመጨረሻ ቆረጠ። ጊታር ቢቀር ይቅር፤ የባንዱ መሪም የፈለገውን ይበል። እራት ላይ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ጋሼ፣ ትቼዋለሁ። አልለውጥም። የእርስዎ ጊታር ከቤት አይወጣም" አለ። ጋሼ ፈገግ እንዲሉ፣ ምናልባትም በርጩማቸውን እንዲያመጡ ጠበቀ።

ጋሼ ተነሡ። ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀላ።

"ለባልሽ ንገሪው፣ ሳይጠይቅ ይጀምራል፣ ሳይጠይቅ ይተዋል በዪልኝ!" አሉና በሩን በላያቸው ድርግም አደረጉት።

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አያት። "አሁን ምን አጠፋሁ?"

"'ሳይጠይቅ' ነው ያሉት።"

"ሰምቻለሁ። ምኑን ልጠይቅ?"

"እኔ ማዞሪያ እንጂ አስተርጓሚ አይደለሁም" ብላ ሳህኖቹን አነሣች።

ሲገላበጥ ነጋ። ጠዋት የሥራ ቤቱን ሳይከፍት ወደ ሱቁ ሄደ፤ ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ታግሣዋለችና ግዢው ቀርቷል ሊላት ይገባል። በሩን ገፍቶ ሲገባ ከአዲሱ ጊታር ሥር ሁለት እግር ተዘርግቶ አየ። ጫማውን ያውቀዋል። ሱሪውንም ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የሰፋው።

"እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?" አለች ባለሱቋ በሹክሹክታ። "ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ ከሥር አልወጡም።"

ጋሼ በጀርባቸው ተንፏቀው ወጡ። በጉልበታቸው ላይ የተጣበቀውን አቧራ አራገፉ። ወንድማቸውን እንዳላዩ አልፈው ባለሱቋን፣ "ለዚህ ሰውዬ ንገሪው፣ ይቀመጥና ይምታ" አሏት።

ሴትዮዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። "ይቀመጡና... ይምቱ ብለዋል" አለች።

ልብስ ሰፊው ተቀመጠ። ዝግተኛውን ዘፈን ጀመረ፤ የዘጠነኛው ክር ተራ ወደሚደርስባት ቦታ ሲቃረብ አዘገመ፤ የሚመጣው የሌላ ሰው ድምፅ መሆኑን ያውቃልና። ከቀኙ ወንበር ሲጎተት ሰማ። ሦስት ጣት ያለው እጅ ጉልበቱ ላይ አረፈ፤ እሱ ሊመታ ጥቂት ሲቀረው ገፋው።

ድምፁ ወጣ። ያው ራሱ ነው፤ ያው የአሮጌው ጊታር ድምፅ። ልብስ ሰፊው ብረቱን ክሮቹ ላይ እንደያዘ መቀጠል አቃተው።

"ጉልበትህን ስገፋ ስገፋ አረጀሁ" አሉ ጋሼ። ማዞሪያው ቀርቶ በቀጥታ ነው። "ጊታር ልትገዛ ስትወጣ 'ጋሼ ይነሡ፣ እንሂድ' ማለት አቃተህ?"

"ጋሼ... እኔኮ አሮጌው ሊሸጥብኝ ነው ብለው የተቀየሙ መስሎኝ ነው።"

"አሮጌውማ እንጨት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን እንጨት ስቆርጥ አልቅሼ አላውቅም።" አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ዘንጉ የበዛ ጊታር ነው ሲሉ ሰማሁ። ብቻህን ትለምደውና፣ በርጩማዬን ይዤ ስመጣ 'አሁንስ ይተዉት' ትለኛለህ ብዬ ነው የፈራሁት።"

ልብስ ሰፊው ለአንድ ወር ያህል ክር ሲቆጥር፣ የጎደለውን ሲፈልግ ከርሞ አንድም ጊዜ በርጩማው ትዝ እንዳላለው ገባው፤ አፈረም። ባለሱቋ ምንም የሌለበትን መደርደሪያ መወልወል ጀመረች።

"ከሥር ገብቼ አየሁት" አሉ ጋሼ። "አምስት ዘንግ ነው። ከዚህኛው በቀር የትኛው የቱን ክር እንደሚስብ ግን አልገባኝም።"

"እኔም አልገባኝም ጋሼ።"

"እንግዲያው እኩል ነን። ከመጀመሪያው ምታ።"

እውነቱን ለመናገር የልብስ ሰፊው ጉልበት ያቺን ቦታ በዚያች አንዲት ግፊት ተረድቷታል። መጀመሪያ መግፋት፣ ከዚያ መምታት፤ ይኸው ነው፣ ምንም የሚከብድ ነገር አልነበረውም። ዘፈኑን ከመጀመሪያው አነሣ። ወደዚያች ቦታ ሲደርስ ጉልበቱን አላላውና ራሱ ሳይገፋ የጋሼን እጅ ጠበቀ።