ቅርንጫፍ የጣልኩበት መንገድ

ይህ ነገር የደረሰው በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን የብስክሌት ደወል በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል። እስካሁን ለማንም፣ ለባለቤቴም ቢሆን፣ ተናግሬው አላውቅም።

ተወልጄ ያደግኩት ሌሞ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ በሞርሲቶ በኩል ያለውን፣ በመንግሥት የተከለለውን ተራራማ ደን እየዞሩ መቆጣጠር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በእግሬ ዞርኩት። የት ጋ ዝግባ እንደተቆረጠ፣ የት ጋ ተደብቀው ከሰል እንደሚያከስሉ፣ የቱን መንገድ ጎርፍ እንደበላው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በየዓመቱ ብስክሌት ይሰጠኝ ብዬ አመለክታለሁ። በየዓመቱም "ጓድ ላቴቦ፣ ትንሽ ታገስ" እባላለሁ።

በአምስተኛው ዓመት ብስክሌቱ መጣ። አንድ ብቻ፣ ቀይ፣ ጎማው ወፈር ያለ። በዚያው ወር ሰለሞን የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። አለቃችን ሁለታችንንም አስጠራንና "ብስክሌት መንዳት የሚችል ማነው?" አለ። ሰለሞን እጁን አወጣ። እኔ ከየት ተምሬ? በሕይወቴ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም።

"እንግዲያው ሰለሞን ይያዘው። ላቴቦ እንደሆነ በእግሩ ለምዶታል" አለና ሳቀ። ሰለሞንም አብሮ ሳቀ፤ በክፋት እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ሳቁ አንጀቴን አሳረረው።

ቅናት በሽታ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለተዘጋ በየሰው ቤት እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ቀዩ ብስክሌት ነው። አንድ ቀን ሰለሞን በቤታችን በኩል ሲያልፍ እናቴን ሰላም ብሏት ኖሮ፣ እናቴ ለእኔ ያላወጣችውን ቅቤ አውጥታ ቆጮ በአይብ አበላችው። ማታ ስገባ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ሲነዳው ደግሞ እንዴት ያምርበታል!" አለችኝ። እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ከዚያ አለቃችን አንድ ሥራ ሰጠን። ደኑ ውስጥ ወዳሉት የጥበቃ ቤቶች በብስክሌት የሚያስኬዱት የትኞቹ መንገዶች እንደሆኑ በሁለት ቀን እንድናጠና አዘዘን። እኔ ማለዳ በእግሬ ቀድሜ መንገዱን እያሳየሁ እሄዳለሁ፤ ሰለሞን በብስክሌት እየተከተለ የፈጀበትን ሰዓት ይመዘግባል። መንገዱን የማውቀው እኔ፣ የሚነዳው እሱ!

በእኛ አገር ተከታትለው የሚሄዱ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ፊት ያለው መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ለምለም ቅርንጫፍ ይቆርጥና በማይኬድበት መንገድ ላይ አጋድሞ ይጥለዋል። ቅርንጫፍ ያለበት ተዘግቷል ማለት ነው፤ ከኋላ የሚመጣው በሌላው ይሄዳል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ስለዚህ ለሰለሞን ማስረዳት እንዳለብኝ እንኳ ትዝ አላለኝም።

የመጀመሪያው ቀን ከተራራው ግርጌ ባለው ጠጠር መንገድ ላይ አለፈ። አመሻሽ ላይ የጥበቃ ቤቱ ደርሼ እሳት ስሞቅ ሰለሞን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ዝናብ ጀምሮ ነበር።

"ላቴቦ፣ አመሰግናለሁ! ቅጠል የጣልክበትን እየተከተልኩ መጣሁ። አንዱ ጋ ጭቃው ፈጀኝ እንጂ ጥሩ ምልክት ነው" አለኝ።

ክው አልኩ። የዘጋሁትን ሁሉ ተከትሎ ነው የመጣው። ዕድል ሆኖ በዚያ በኩል ያሉት መንገዶች ዞረው ዞረው እዚያው የሚገናኙ ነበሩ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሃል የደኑ ጠባቂ፣ አራት ዓመት ሙሉ አብሮኝ የበላው ሰውዬ፣ ካፖርቱን አውልቆ ለብስክሌቱ አለበሰው። ለብስክሌቱ! እኔ በስንት ዝናብ በስብሼ ስመጣ አንድ ቀን እንኳ ካፖርቱን አላወለቀልኝም። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ሲነጋጋ ተነሳሁ። ሰለሞን ተኝቷል። ቀስቅሼው ሁለት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አልቀሰቀስኩትም።

ሽቅብ አንድ ሰዓት ያህል ከሄድኩ በኋላ ትልቁ መንታ ላይ ደረስኩ። የቀኙ ወደ ላይኛው የጥበቃ ቤት የሚወስድ ጠባብ መንገድ ነው። የግራው ቀድሞ ግንድ የሚጭኑ መኪናዎች ያወጡት ሰፊ ፒስታ ነው፤ ቁልቁል ስለሆነ ለብስክሌት የሚያጓጓ ነው። ከመታጠፊያው ጀርባ ግን የዚያ ክረምት ጎርፍ ቆርጦት ገደል ሆኗል። የጽድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩና በግራው መንገድ ላይ ጣልኩት።

ከዚያ እዚያው ቆምኩ። ሰለሞን ቅርንጫፉን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ተመልሼ ልንገረው? እዚሁ ቆሜ ልጠብቀው? "እኔ የአገሩን ደንብ ጠብቄያለሁ" አልኩ በልቤ። "አገሩን ሳያውቅ ብስክሌት የተቀበለው እሱ ነው።" ቢበዛ ይወድቃል፣ ብስክሌቱ ይሰበራል፣ አለቃችን ይናደዳል ብዬ አሰብኩ። ደስ እንዳለኝም አልደብቅም። ሄድኩ።

ላይኛው የጥበቃ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ደወሉን ሰማሁ። ሰለሞን ቁልቁለት ሲያገኝ ደወሉን ማንጫረር ይወድ ነበር። ድምፁ ወደ እኔ አይመጣም፤ ወደ ታች፣ ወደ ግራው እየወረደ ነው። ከዚያ ጸጥ አለ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስደርስ ገደሉ ሥር ድንጋይ ላይ ተጋድሟል፤ አንድ እግሩ ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ብስክሌቱ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። "ላቴቦ፣ መጣህልኝ?" አለኝ።

ጩኸቴን ሰምተው የመጡ ገበሬዎች ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት። መንገድ ላይ አንደኛው ሽማግሌ፣ "አንተ ልጅ፣ ቅርንጫፉን አላየህም እንዴ? እኛ አገር ቅርንጫፍ ከተጣለ ተዘግቷል፣ አትሂድ ማለት ነው" አሉት።

ሰለሞን ፊቱን ወደ እኔ አዞረና አየኝ። ሞርሲቶ ደርሰን ወደ ሆሳዕና በሚወስደው ጋሪ ላይ ስናሳፍረው እጄን ያዘኝ።

"ትናንት ቅጠሉን እየተከተልኩ መጣሁ ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?"

"አልሰማሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ነበር" አልኩት።

"እውነትህን ነው፣ ዝናብ ነበር" አለ። እጄን ለቀቀኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃችን ሠራተኛውን ሰብስቦ ሰለሞን ሆስፒታል ከተኛበት የጻፈውን ሪፖርት አነበበ። መንገዱ በደንቡ ተዘግቶ እንደነበር፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ፣ ብስክሌቱ ተጠግኖ አገሩን ለሚያውቀው ለላቴቦ እንዲሰጥ ጽፏል። ሠራተኛው አጨበጨበልኝ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

ሰለሞን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እግሩ እንዳጠረና እንደሚያነክስ ከሰው ሰማሁ። ልጠይቀው ሄጄ አላውቅም፤ ደብዳቤም አልጻፍኩለትም።

ብስክሌቱን ካገኘሁ ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አለቀቀኝም፤ ዛሬም እቀናበታለሁ። እያወቀ እንደዚያ ብሎ መጻፍ የሚችል ልብ ከየት አገኘ? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አልጽፈውም ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ ጸጸቱ ብስክሌቱን እሬት አደረገበት ብሎ ይገምት ይሆናል። ውሸት ነው። ለመንዳት አንድ ሳምንት ነበር የፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ደን ውስጥ፣ ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር ደወሉን እያንጫረርኩ፣ ደስ ብሎኝ ነዳሁት። የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።