ሳይታይ የተበየደው ቁልፍ

ያ ነገር ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅና የቅዳሜ ከሰዓት ቦታዬን ነው። ያተረፍኩበት ስልሳ ብር ነው። ነጋዴ ነኝና ወጪውንም ገቢውንም አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው፤ ኋላ ላይ አልሰማሁም እንዳትል።

ትናንት አንድ ደንበኛ ሱቄ ገባና ከመደርደሪያው ላይ ቁልፍ አንስቶ የባንኮኒዬን ጠርዝ መታበት። ቁልፍ ስልህ የበር ቁልፍ እንዳይመስልህ፤ መካኒክ ብሎን የሚፈታበት ብረት ነው። «ቲንንን» አለ። ድምፁ ረጅም ነበር፤ ጥሩ ብረት ነው። ሰውዬው ዋጋ ጠየቀኝ። እኔ ግን ለጊዜው ሱቄ ውስጥ አልነበርኩም። የተቃጠለ ዘይትና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። «አንተ ነጋዴ፣ ዝም በል፣ ብረቱ ይናገር!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ከጀርባዬ የመጣ መሰለኝ፤ ዞሬም አየሁ። ደንበኛው ደግሞ ሲጠይቀኝ ዋጋውን ነገርኩት። ሳይከራከረኝ ቀንሼ ነው የነገርኩት። በሃያ ዓመት ንግድ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሱቅ የለኝም፤ እዚሁ ሶዶ፣ አንድ ትልቅ ጋራዥ በር ላይ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ ነበረኝ። ከመርካቶ የእጅ መሣሪያ በማዳበሪያ እየተሸከምኩ አምጥቼ ለመካኒኮች እሸጣለሁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ቁልፍ። ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፤ ሂሳቡ ግን አልተወኝም።

በዚያ ግቢ አንድ ልማድ ነበር። ማንም መካኒክ በሳምንቱ ውስጥ በገዛው አዲስ መሣሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለጓደኞቹ ሳያሳይ አይሠራበትም። ሥራ ሲበቃ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ መሬት ላይ ይነጠፋል። በጣሪያው የሚስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ሸራው ላይ ሳንቲም ሳንቲም አክሎ ይወድቃል። እያንዳንዱ የገዛውን እዚያ ላይ ያስቀምጥና ዋጋውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ከዚያ ስድቡ ይጀመራል።

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«በዚህ ዋጋማ ከነሻጩ መውሰድ ነበረብህ!»

«ተወው እስቲ፣ እሱ ገበያ ሲገባም እንደ ጸሎት ዓይኑን ይጨፍናል።»

በሳምንቱ ከሁሉም የባሰ ተታሎ የገዛው ሰው ለሁሉም የተቀቀለ ቦዬ፣ ያን የአገሩን ሥራ ሥር፣ ይጋብዛል። ትኩሱን ቦዬ እየቆረስን ዳጣ ውስጥ እየነከርን፣ ከንፈራችን እየነደደ እንበላለን። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ያታለልኩት እኔው ነኝ። ቦዬውንም አብሬ እበላ ነበር፤ አልተጠራሁም ብዬ አላውቅም።

ፍርዱ የሽማግሌው ነበር። የጋራዡን ሥራ የሚመራው እሱ ነው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንለው። አዲሱን መሣሪያ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በአሮጌ ብሎን ይመታዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁ እስኪሞት ይሰማል። ደስ ካለው «እደግ!» ይለዋል፤ ብረቱን፣ ልክ እንደ ልጅ። እደግ የተባለው ብረት ወደ በያጁ ይሄዳል። በያጁ በብየዳ ጠብታ የባለቤቱን ምልክት ያደርግበታል፤ ለአንዱ መስቀል፣ ለአንዱ ሁለት ነጥብ። አሥር ሰው በአንድ ግቢ ሲሠራ ብረት እግር ያወጣል፤ ምልክት ከሌለው ማታውን ሌላ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ከመካኒኮቹ ሁሉ የእኔ ሰው ከዲምቱ የመጣው ነበር። እኩያዬ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ሐሳቡ ዲምቱ ተመልሶ የራሱን ጋራዥ መክፈት ነው። አልጋው ሥር አንድ አረንጓዴ የእንጨት ሣጥን ነበረው፤ በየወሩ ከጠረጴዛዬ አንዳንድ መሣሪያ እየገዛ ይሞላዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሣጥኑን ይከፍትና እያንዳንዱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይወለውላል። እሁድ ለእኔ እስከ ዛሬ ነጭ ጋዝ ነው የሚሸተኝ።

«እማዬ ደውሎ ነበር» ይለኛል እየሳቀ፣ «ጋራዡ መቼ ነው የሚከፈተው ይላል።»

አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበር። እኔም በወላይትኛ ከእሱ የባስኩ ስለሆንኩ አንተራረምም። ሣጥኑ ሊሞላ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የከባድ መኪና ብሎን የሚፈታ ትልቁ ቁልፍ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት።

ያን ሰሞን መርካቶ ሄጄ ስምንት ባለ ሠላሳ ሁለት አመጣሁ። አስመጪው አልዋሸኝም። «ይሄ አንደኛ ነው፣ ይሄ ሁለተኛ ነው። ጽሑፉ አንድ ዓይነት ነው፤ ብረቱ ነው የሚለየው» አለኝ። ሁለተኛውን ገዛሁ። በአንደኛው ዋጋ ልሸጠው ነዋ፣ ሌላ ምን ላደርግ ነው?

ረቡዕ ጓደኛዬ አንዱን አነሳ። በእጁ መዘነው።

«አንደኛ ነው?»

«አንደኛ ነው።»

ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት። ለሌላው ሰው መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምዋሸው፤ ለእሱ ግን ዓይኑን አየሁት።

ከከፈለኝ በኋላ ነው ቅዳሜ ትዝ ያለኝ። ከጠረጴዛዬ ጀርባ ሆኜ ከቀሩት አንዱን ብሎን ላይ መታሁት። «ድም» አለ፤ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ። ጋሼ ይህን ከሰማ በሶዶ ከተማ ከእኔ ካቻቢቴ የሚገዛ አይኖርም። ሁለት ቀን አሰብኩ። ዓርብ ከሰዓት ላይ መላ አገኘሁ።

«ለምን ዛሬውኑ ምልክትህን አታስደርግበትም?» አልኩት። «በያጁ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።»

«ሳይታይ?»

«ነገ ይታያል፤ ምን ችግር አለው? ብየዳ ሲነካው ድምፁ ትንሽ ይለወጥ ይሆናል እንጂ።»

«ኢሻው፣ ጋሼ ይቆጣኛል» አለ። ኢሻው በእነሱ ወንድሜ ማለት ነው። ግን ሄደ። ሣጥኑ ሊሞላ ነው፤ ቸኩሏል። በያጁም አልተከራከረውም፤ ሦስት ጠብታ ብየዳ አንገቱ ላይ፣ መያዣው ከቁልፉ ራስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አሳረፈበት። በማግስቱ ቁልፉን ይዞት ሲመጣ ሙሽራ የያዘ ይመስል ነበር።

ጋሼ አንጠልጥሎ መታው። ድም።

ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

የመለስኩት ባለቤቱ ሳይሆን እኔ ነኝ። «ትናንት ብየዳ ነክቶት ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ቁልፉን አላየም፤ እኔን አየኝ። «አንተ ነጋዴ፣ ዝም በል፣ ብረቱ ይናገር።» ደግሞ መታው። ድም። «እሳት ከእኔ ቀድሞ ከገባበትማ ጆሮዬ ምን ሊሠራ ይችላል?» አለና ሸራው ላይ አስቀመጠው። እደግ አላለውም። ጓደኛዬ ፊቱ ጠቆር አለ። ወዲያው አንዱ ቀለደ፣ ቦዬውም መጣ፤ ተረሳ።

ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ቀጭ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ቀጥሎ ጸጥታ፣ ቀጥሎ የሰው ጩኸት። ጓደኛዬ የኢሱዙ ብሎን እምቢ ብሎት ቁልፉ ላይ ቱቦ ጨምሮ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖት ነበር። ቁልፉ አንገቱ ላይ ሲበጠስ ቀኝ እጁ ከነሰውነቱ ሻንሲው ጠርዝ ላይ ወደቀ።

በባጃጅ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። እጁን በሸሚዜ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ፤ ሙቀቱ በጨርቁ እያለፈ መዳፌን ያረጥበዋል። ከሕመሙ መሐል የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቁልፉን አንሳልኝ፤ እንዳይጠፋ።»

ሦስት ጣቶቹ ከዚያ በኋላ አልታጠፉም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸራው ተነጠፈ። አዲስ ነገር ያወጣ ሰው አልነበረም። ጋሼ የቁልፉን ሁለት ስባሪ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጓደኛዬ እጁን በነጭ ፋሻ ደረቱ ላይ ታቅፎ ቆሟል።

«ሳይታይ አስበይድ ያለህ ማነው?» አለው ጋሼ።

እኔን አየኝ። እኔ ሸራውን አየሁ።

«ራሴ ነኝ፣ ጋሼ። ቸኩዬ ነው።»

«ነጋዴውስ?»

«እሱ ምን ያድርግ? እሱ ጥሩ ቁልፍ ነው የሸጠልኝ።»

ነገሩ ይገባሃል? የሸፈነልኝ ምክሬን ነው። ወዳጄን ሳያስበው በተናገረው ለምን አስወቅሰዋለሁ ብሎ ነው። ብረቱ ሁለተኛ መሆኑን አያውቅም። ትንሹን ጥፋቴን በገዛ አፉ ወሰደልኝ፤ ትልቁ ግን እኔ ጋ ቀረ። ቁልፉን የሰበረው ብረቱ ይሁን ብየዳው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ከእኔ ስለመጡ ማወቁ ብዙም አይጠቅመኝም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደዚያ ግቢ አልገባሁም። አትምጣ ያለኝ የለም። ጋሼ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ስለ ብረት ግን አንስቶብኝ አያውቅም። እሱም አረፈ። ጋራዡ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። የዘመኑ መካኒኮች የገዙትን በቴሌግራም ነው የሚያሳዩት፤ ፎቶውን ይለቁታል፣ «በስንት ገዛኸው?» ይባባላሉ፣ በሳቅ ምልክት ይሰዳደባሉ። ዕቃ ስለምሸጥ እኔንም አስገብተውኛል። ፎቶ አይጮህም። ለነጋዴ እንዴት ያለ ጥሩ ዘመን ነው፣ እላለሁ፤ ከዚያ ስልኩን እዘጋዋለሁ።

ከስምንቱ አንዱ ተሰበረ። ሦስቱን ከአደጋው በፊት ሸጬ ነበር፤ አንዱን ከሃላሌ ለመጣ ሾፌር፣ ሁለቱን ዱቦ አካባቢ ወፍጮ ለሚጠግን ሰው። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ የሚገዛን ሰው ስም ማን ይጠይቃል? የቀሩት አራቱ በማዳበሪያ ተጠቅልለው መደርደሪያዬ ሥር ናቸው። አልሸጥኳቸውም፣ አልጣልኳቸውም። እጁን በፋሻ የጠቀለለ ሰው ሱቄ ሲገባ ግን መጀመሪያ የማየው ፊቱን አይደለም።

ጓደኛዬ ሣጥኑን በአውቶቡስ ጭኖ ዲምቱ ገባ። ጋራዥ አልከፈተም። የሞተር ብስክሌት ጎማ ይጠግናል፤ ጎማውን በጉልበቱ ይይዝና በግራ እጁ ይሠራል። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ነበር። ልነግረው ነው የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን አፌ ውስጥ ሳመላልሰው ነበር። ስደርስ አንድ ሞተረኛ አጠገቡ ቆሞ የገዛውን አዲስ ቁልፍ ያሳየዋል።

«ምልክት ከማድረግህ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳይ» ይለዋል ጓደኛዬ። ቀኝ እጁን አነሳለት። «እኔን እይ። በራሴ ችኮላ ነው የሄደው። ማንም አላጠፋም፣ ራሴ ነኝ።»

ያን ጊዜ አየኝ። ፊቱ በራ። «ኢሻው!» ብሎ በማይታጠፉት ጣቶቹ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ሚስቱን ጠርቶ «ይሄ ነው፣ ያ የነገርኩሽ፣ በሸሚዙ የጠቀለለኝ» አላት። ሴትዮዋ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። ምሳ ቀረበ። በላሁ። የልጆቹን ትምህርት ጠየቅሁት፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ሊሸኘኝ እስከ መኪናው መጣ።

ዲምቱ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሳልነግረው ተመልሻለሁ።