እንሰቱን የበላ በቆሎ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ ሱቄ መጥቶ ምርጥ ዘር ሲያገላብጥ ቆየና፣ "ጋሼ፣ አምና ካመረትኩት ወፋፍራሙን መርጬ ብዘራስ? ከዚህ በምን ያንሳል?" አለኝ። በቆሎ ላይ አፌን ከከፈትኩ ደግሞ የሚዘጋኝ የለም! ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቢያቆምም፣ ሆሳዕና ውስጥ በቆሎን እንደኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ሱቄን ይውረስ። ልጁን አስቄ፣ አስፈራርቼ፣ አዲስ ዘር አስገዝቼ ሸኘሁት። ሲወጣ ግን ሳቄም አብሮት ወጣ።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነው። ቤታችን ጊምቢቹ አጠገብ ነበር። ከግብርና ቢሮ የመጣ ሠራተኛ ለአባቴ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሰጠው፤ በቆሎው ክንድ አከለ! አባቴ ሰው እንዲያይለት ከነልባሱ ተሸክሞ ጸሎት ቤት ለምስጋና ወሰደው። ጉራ የወረስኩት ከሱ ነው፤ ሌላ ያወረሰኝ የለም።

በዚያው ጥጋብ የጓሮውን እንሰት ሊነቅል ተነሳ፣ ቦታውን ለበቆሎ። እንሰት እኮ የእናት ነው፤ የምትተክለውም የምትፍቀውም እሷ ናት።

"ኧረ ተው፣ ይሄ የክፉ ቀን ነው!" አለችው እናቴ።

"ክፉ ቀን የታለ? ቆጮ ስትፍቂ እጅሽ አለቀ፤ አሁን እንኳ ረፊ!"

ነቀለው። ግማሹን በላን፣ ግማሹን ሸጥን።

በዓመቱ አዲስ ዘር አልመጣም። አባቴ አልጨነቀውም፤ እንደ አባቶቹ ወፋፍራሙን መርጦ ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ሰቅሎ ነበር። ሠራተኛው "ይሄ የተዳቀለ ዘር ነው፤ ፍሬው ተመልሶ ቢዘራ እናቱን አይመስልም" ቢለው፣ "የደህና ሰው ልጅ መቼ ከፋ!" ብሎ ሳቀበት።

ዝናቡ ሸጋ ነበር። በቆሎው ግን አንዱ ባሕር ዛፍ አከለ፣ አንዱ ከጉልበት አላለፈም፤ ፍሬውም ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ሆነ። ያስገባነው እህል ለፋሲካ አልደረሰም።

ፎንቆ የሚባል አገር የሚኖር፣ እንሰቱ ጫካ የሆነ ሰው ለእህቴ ለአማረች ሽማግሌ ልኮ ነበር። ገና ሰባተኛ ክፍል ስለነበረች አባቴ እምቢ ብሎት ነበር። አሁን እሺ አለ።

"እዚያ ትበያለሽ፣ ልጄ" አለቻት እናቴ፣ ጸጉሯን ቅቤ እየቀባች።

"የኛ በቆሎ ሲደርስ እመለሳለሁ አይደል?"

አባቴ ተነስቶ ወጣ።

አማረች በመጀመሪያ ምጧ ሞተች።

ዛሬ ለገበሬ ስልጠና ሲጠሩኝ፣ ምርት የሚያድገው በአዲስ ዘር ነው፣ በማዳበሪያ ነው፣ በጊዜ በመዝራት ነው እያልኩ አዳራሹን በሳቅ እገድለዋለሁ። እውነትም ነው። አንዱን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፦ በቆሎው ክንድ ያከለበት ዓመት ድርቅ ቢሆን ኖሮ አባቴ እንሰቱን አይነካም ነበር። እህቴን የወሰደብን ደህናው ዓመት ነው።