ከአልጋው አጠገብ እስከ ፕሪንተሩ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ኢንተርኔት በሚያከፋፍለው ራውተር ላይ መልእክት የሚሄድበትን መንገድ መጻፍ ነበር። እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል፤ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጥር አስገባለሁ። በሦስተኛው ቀን ለጉዳይ ጎሬ ሄዶ እዚያው ልቡ ቆመ።

መቱ ውስጥ መንገድ ዳር ማመልከቻ የምንጽፍበት ሱቅ አለን። በአማርኛም በኦሮምኛም እንጽፋለን። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው። እማዬ የምላቸው የባለቤቴ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋቸው አጠገብ መራቅ አልቻልኩም። ስለዚህ የባለቤቴ እህት ሱቅ ሆና ባለጉዳዩን እንድታነጋግር፣ እኔ ቤት ሆኜ እንድጽፍ፣ ወረቀቱም ሱቅ እንዲወጣ አሰብን። ችግሩ ራውተሮቹ ሁለት መሆናቸው ነው። የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው ቤት ወዳለው ነው፤ የሱቁ ከቤቱ በሽቦ ተያይዟል። ፕሪንተሩ በሱቁ ራውተር ሥር ስለሆነ የእኔ ላፕቶፕ አያገኘውም።

"አንተው ለምን አትሠራውም?" አልኩት።

"እጄ ብርቱካን ነክቷል።"

ሰበብ ነበር። የሚያውቀውን ሥራ ሁልጊዜ በሰው እጅ ማሠራት ይወድ ነበር፤ በትዳራችን ዘመን ሙሉ በዚህ ተናድጄበታለሁ።

ገጹ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ወዴት እንደሚኬድ፣ የዚያ ሰፈር ስፋት ምን ያህል እንደሆነ፣ በማን በኩል እንደሚታለፍ። ሦስተኛው ላይ እንደ አድራሻ የሚያገለግለውን የፕሪንተሩን ቁጥር ጻፍኩ። አልሠራም።

"ኖፓ ላለችው እህትሽ ዕቃ ስትልኪ ለማን ትሰጫለሽ?" አለኝ።

"ለሚኒባሱ ሹፌር።"

"ሹፌሩን የት ታገኚዋለሽ?"

"እዚሁ መናኸሪያ።"

"ታዲያ ምን አስኬደሽ ኖፓ ድረስ ሹፌር ፍለጋ?"

እናቱ ከአልጋቸው ሳቁ። "እሱ ራሱ ተልኮ መች ደርሶ ያውቃል!"

የፕሪንተሩን ቁጥር አጥፍቼ፣ የሱቁ ራውተር በእኛ ቤት በኩል የያዘውን ቁጥር ጻፍኩ። ሠራ።

አርባው ካለፈ በኋላ መብረቅ የቤቱን ራውተር አቃጠለው። አዲስ የገጠመልኝ ባለሙያ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ "ኢንተርኔቱ ገብቷል እኮ እትዬ፤ ሌላ ምን ቀረ?" አለ።

"ሱቅ ያለው ፕሪንተር አይታዘዝልኝም።"

"እርስዎ ሱቅ ቢውሉ አይቀልም?"

ሱቅ ከዋልኩ እማዬን የሚያነሳ የለም፤ የባለቤቴ እህት አቅሟ አይችልም። ካልዋልኩ ሦስታችንም የምንበላው የለም። እሳቸው ሰምተው ኖሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ቡሬ ላለው ለታላቁ ልጄ ስጡኝና ሥራሽን ሥሪ" አሉ። ቡሬ መሄድ እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። ሟቹ ልጃቸው ተወልዶ ያደገው በዚህ ቤት ነው።

ባለሙያው ሲሄድ ገጹን ከፈትኩ። ሁለቱን ሞላሁ። ሦስተኛው ላይ የድሮውን ቁጥር ጻፍኩ፤ እምቢ አለ። ድጋሚ ጻፍኩ፤ እምቢ አለ። አልቅሼ ስጨርስ ሹፌሩ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከአዲሱ ራውተር ጋር የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር አወጣሁና የሱቁን ራውተር ፈለግኩ። እውነትም ሌላ ቁጥር ተሰጥቶታል። እሱን አስገብቼ አንድ መስመር ጽሑፍ ጻፍኩና ወደ ፕሪንተሩ ላክሁ።

ወዲያው የባለቤቴ እህት ደወለች። "እትዬ፣ ወጣ! ግን ይሄ የማን ማመልከቻ ነው? 'እማዬ ቡሬ አይሄዱም' ይላል!"

የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ስለነበር እማዬም ሰሙ። እማዬ ፊታቸውን ሳይመልሱ "ገለቶሚ" አሉኝ። ምስጋናው ግን ለእኔ ብቻ የሚገባ አልነበረም። ያን እሁድ ባለቤቴ እጁን ታጥቦ ራሱ ጽፎት ቢሆን፣ እኔ ዛሬ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ስላልጻፈው አመሰግነዋለሁ። በሕይወት እያለ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላልኩትም።

አሁን ጠዋት እማዬን አጥቤ፣ ቁርሳቸውን አብልቼ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ።